ባዳነት በሚዛን

በኮምቦልቻ ተራ ቤት ሥራ የሚጀመረው ልብን በማቀዝቀዝ ነው። ሠራተኞቹ በሩ ለሕዝብ ሳይከፈት ይገቡና በየመስኮታቸው ተቀምጠው የተቀዳ ልቅሶ ያዳምጣሉ። አንድ ቀን የእናት ልቅሶ ነው፣ ሌላ ቀን የሽማግሌ፣ አልፎ አልፎ የሕፃን። የልቡ ምት ያልተነሣ፣ ወይም ተነሥቶ የረጋለት ሰው ከወንበሩ ተነሥቶ ሻዩን ይጠጣል። ረውዳ ይመር ከሁሉም ቀድማ ሻይ የምትጠጣ ሠራተኛ ነበረች። የረውዳ ሻይ ሁልጊዜ ትኩስ ነው እያሉ ባልደረቦቿ ይቀልዱባታል፤ እሷም ቀልዱን ትወደዋለች።

ይህን የሚሰማ የሌላ ዘመን ሰው ሊሰቀጥጠው ይችላል። የ2074 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ግን ከለመደው ቆይቷል። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለውን ተረት አያቶች ሲተርቱ፣ ልጆች “ምኑን ነው የሚበላው?” ብለው ይጠይቃሉ። ገንዘብ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ለማንም ስለሚታይ በፖስታ ማቀበሉ፣ ለሻይ እያሉ ማጉረሱ፣ በሚስት ወንድም ስም ቤት መሥራቱ ሁሉ ቀርቷል። አገሩ ጉቦን ከሥሩ የነቀለ መስሎት ሳለ ግን አንድ ጉቦ ተረፈ። ማንም ከኪሱ የማያወጣው፣ ማንም ደረሰኝ የማይቆርጥለት ጉቦ፤ ሰው ሰውን መውደዱ። ዘመድ ለዘመዱ ያዝናል፤ ያዘነ ያስቀድማል፤ የቀደመ ካለ ደግሞ የቀረ አለ። መንግሥት ይህን አስቦ ሚዛኑን አቆመ።

ተራ ቤት የሚመጣው ሕክምና የሚጠብቅ ሰው ነው። የማን ልብ፣ የማን ኩላሊት መቼ እንደሚታከም የሚያሰልፈው ማሽን ነው፤ ምርመራውንም ዕድሜውንም ከሐኪም የበለጠ ያውቃል። የማያውቀው ነገር ቢኖር የሰው ፊት ነው። አንዳንድ ሰው ምርመራው ደህና ሆኖ ፊቱ ደህና አይሆንም። ስለዚህ በየመስኮቱ አንድ ሰው እንዲቀመጥ ተደረገ፤ አስቀዳሚ ይባላል። አስቀዳሚ ታማሚውን አይቶ ከሁለት ቃል አንዱን ይናገራል፤ “ይቅደም” ወይም “ይጠብቅ”። ሌላ ሥልጣን የለውም። ሚዛኑ በአስቀዳሚውና በታማሚው መካከል የተገተረው ይህችን ታህል ሥልጣን ለመጠበቅ ነው።

ሲያዩት ጠባብ የበር መቃን ይመስላል፤ ከወዲህ አንድ መብራት፣ ከወዲያ አንድ መብራት አለው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሲቀመጡበት ትንፋሻቸውን፣ ድምፃቸውን፣ የልባቸውን ምት ይመዝናል። ፊት ለፊቱ ለተቀመጠው ሰው ሆዱ የባባ ካለ ሆዱ በባባው ሰው በኩል ያለው መብራት ይበራል። ዝምድናውን ቀድሞ ያስታወቀ ጥፋት የለበትም፤ ታማሚው ወደ ሌላ ከተማ ተራ ቤት ይላክና ከሰልፉ ጭራ ይቆማል። ሳያስታውቅ ከተገኘ ግን አስቀዳሚው ከሥራው፣ ታማሚው ከተራው ይወጣል።

በዚህ ምክንያት በኮምቦልቻ የአስቀዳሚ ዘመድ መሆን እንደ መርገም ይታያል። ነገ ምን እንደሚያመው የሚያውቅ የለምና ሰው ሁሉ ከአስቀዳሚ ይርቃል። ወንድም ወንድሙን ገበያ ላይ ሲያየው መንገድ ይሻገራል። አስቀዳሚ ሠርግ አይጠራም፣ ቢጠራም አይሄድም፤ ቅር የሚለው ሰውም የለም። እናቶች “ልጄ ብታየኝ አታውቀኝም” እያሉ ለጎረቤት በኩራት ያወራሉ። “ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ” የሚለው አባባል ዛሬ እውነትነቱ የቀረው ለአህያዋ ብቻ ነው።

ረውዳ የደም ዘመድ አልነበራትም። ለሥራው ያስመረጣትም አንዱ ይኸው ነው። እናትና አባቷ በልጅነቷ ሞተውባት ያሳደጓት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ጦይባ ናቸው። ወይዘሮ ጦይባ ልጅ አልወለዱም። የሠፈሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ዱዓ ተደረገና፣ ሴትዮዋ አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው ልጅቷን እንደ ጡት አጠቧት፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ረውዳ የጡት ልጃቸው ሆነች። በወሎ ይህ ከደም አያንስም። የጡት ልጅ ለእናቱ ያለቅሳል፤ ለሱም ይለቀስለታል። ረውዳ “እቴቴ” ትላቸው ነበር። የመንግሥት ማኅደር ግን ደምን እንጂ ማርን አያውቅም። ስትቀጠር ዘመድ እንዳላት ሲጠይቋት የለኝም አለች። የጠየቋት ስለ ደም ነው ብላ ለራሷ ነገረችው፤ ራሷም አመናት።

ከዚያ ወዲህ እቴቴ ቤት መሄዱን እያሳሳች መጣች። መጀመሪያ ለዒድ ብቻ ትሄድ ነበር፤ ቀጥሎ በመልእክት ብቻ “እንኳን አደረሰሽ” ማለት ጀመረች፤ ቀጥሎ መልእክቱም ቀረ። የወይዘሮ ጦይባ ባል፣ አባ ይማም፣ ረውዳን በትከሻቸው ተሸክመው ያሳደጓት ሰው፣ የሞቱ ዕለት እስከ ለቅሶው ቤት ሄዳለች። ድንኳኑ በር ላይ ደርሳ፣ ውስጡን አይታ፣ ሰው ያየኛል ብላ ተመለሰች። በማግስቱ ልቅሶ ሲያዳምጡ ልቧ ንቅንቅ ስላላለ ተቆጣጣሪዋ ደምለው በሁሉም ፊት አመሰገናት። ያን ጊዜ አፍራለች፤ አላፈረችም ማለት አይቻልም። ግን አፍራም ሻይዋን ጠጣች።

ወይዘሮ ጦይባ ልባቸውን መታመማቸውን የሰማችው ከሰው ነው። ሐኪሙ ሳይታከሙ ክረምቱን አይወጡትም ማለቱንም ጭምር። ሊያገኟት እንደሚፈልጉም በዚያው ሰው ላኩባት፤ የት እንደሆነ መንገር አላስፈለገም። የኮምቦልቻ ሰው ከአስቀዳሚ ጋር ጉዳይ ሲኖረው ወፍጮ ቤት ይሄዳል። የወፍጮው ድምፅ ወሬን ሁሉ ይውጣል። አንድም እህል ሳያስፈጩ ዱቄት ነክቷቸው የሚወጡ ሰዎችን ያየ ሁሉ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ረውዳ ቅዳሜ ጠዋት የማትፈልገውን በቆሎ ተሸክማ ሄደች።

እቴቴ ከስተዋል። ከሰው ቀድመው የሚራመዱት ሴትዮ በየእርከኑ እየቆሙ ነበር የወፍጮ ቤቱን ደረጃ የወጡት። አጠገቧ መጥተው ቆሙና አፋቸውን ጆሮዋ ሥር አስጠግተው አወሩ። ልለምንሽ አልመጣሁም አሉ። የመጣሁት እንዳታፍሪብኝ ልነግርሽ ነው፤ ተራዬ ሲደርስ በመስኮትሽ በኩል ብጠራ፣ “ይጠብቅ” ብትዪኝም አልቀየምሽም አሉ። ረውዳ ይህን አነጋገር ታውቀዋለች። አገሩ የሚለምነው እንዲህ ነው። “አትቸገሩ” ሲባል የማይቸገር ሰው በወሎ ሰው አይባልም።

ዝምድናዋን ብታስታውቅስ ብላ አስባ ነበር። ብታስታውቅ እቴቴ ደብረ ብርሃን ይላካሉ፣ ከሰልፉ ጭራ ይቆማሉ፣ ያ ሰልፍ ደግሞ ክረምቱን ተሻግሮ የሚሄድ ነው። እሷም እስከዛሬ የት ነበርሽ መባሏ አይቀርም። ሁለቱን አንድ ላይ አሰበቻቸው፤ የትኛው ይበልጥ እንዳስፈራት ግን ራሷን አልጠየቀችም።

“ሚዛኑስ?” አለች።

“ለሱ መላ አለኝ” አሉ ወይዘሮ ጦይባ። “የአባ ይማምን ለቅሶ አስባለሁ። ድንኳኑ በር ላይ ቆመሽ ስትመለሺ አይቼሽ ነበር። እሱን ሳስብ ልቤ ካንቺ ይቆርጣል።”

ረውዳ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አላዩኝም ብላ ነበር እስከዛሬ የኖረችው።

“አብሽሪ” አሉ እቴቴ፣ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ሊያደርጉ ዘርግተው መልሰው እየሰበሰቡ። “ለሚዛኑ ነው እንጂ ለራሴስ አላስበውም።”

“ትቀድሚያለሽ” አለች ረውዳ። በቆሎዋን ሳታስፈጭ ተሸክማ ተመለሰች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቧን ታለማምደው ገባች። እቴቴን የማታውቃቸው ሴትዮ አድርጋ ማሰብ፤ የማሩን ጣት አለማሰብ፤ ጀርባ ላይ ታዝላ የቦርከናን ወንዝ የተሻገረችበትን ቀን አለማሰብ። ከባድ ይሆናል ብላ ነበር። እየከበደኝ ነው እያለችም ለራሷ ታዝን ነበር።

ተራው የደረሰበት ቀን አዳራሹ እንደወትሮው ይበርድ ነበር፤ ሙቀት ሚዛኑን ያሳስተዋል ስለሚባል አይሞቅም። የሳምንቱ የልብ አልጋ አንድ ብቻ ነው። ማሽኑ ሐርቡ የሚኖር ሙሄ የሚባል ሽንኩርት አምራች አስቀድሞ፣ ወይዘሮ ጦይባን አስከትሎ ጠርቷል። ሁለቱ ሳይተዋወቁ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ረውዳ በመስኮቷ ታያቸዋለች። ሙሄ ረጅም፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው፤ እግሩ አብጦ የላስቲክ ጫማውን ከፊቱ ቀዶታል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል፤ እንዲያም ሆኖ የሆነ ነገር እያወራ እቴቴን ያስቃቸዋል። ብርዱ ሲያንቀጠቅጣቸው አይቶ ጋቢውን ከራሱ ላይ አንሥቶ አለበሳቸው። እምቢ አሉ፤ ተግደረደሩ፤ ኋላ ተጠቀለሉበት።

ሙሄ ቀድሞ ተጠራ። ሚዛኑ ላይ ሲቀመጥ ሁለቱም መብራቶች ጨለማ ነበሩ። የአስቀዳሚ ሥራ ማየት ነውና ረውዳ አየችው። ሲቀመጥ ትንፋሹ ተቆርጦ ጨዋታውን ጨርሶ ተወው። ጣቶቹ ጫፍ ጫፋቸው ሰማያዊ ነው። እንዲህ ያለ ሰው እንደማይጠብቅ ከማንም ይልቅ ታውቃለች፤ ስንት ሰው በዚህ ፊት “ይቅደም” ብላለታለች።

“ይጠብቅ” አለች።

ሙሄ አያት። በዓይኑ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ደግ ነበር።

“ከኔ የባሰ አለ ማለት ነው” አለ። “እንግዲያ ይቅደም።”

ግድግዳውን ይዞ ተነሣ። ወይዘሮ ጦይባ ጋቢውን ሊያወልቁለት ሲታገሉ በእጁ ከለከላቸው። የሐርቡ መኪና እንዳያመልጠው እየቸኮለ ነበር። ያዢው፣ ሌላ ቀን መገናኘታችን አይቀርም ብሏቸው ወጣ።

እቴቴ ጋቢውን እንደለበሱ መጥተው ሚዛኑ ላይ ተቀመጡ። እንደተነጋገሩት ፊታቸውን አኮሳትረዋል። ዓይናቸውን ከረውዳ ትከሻ በላይ ተክለው፣ ከንፈራቸውን ገጥመው፣ ድንኳኑን እያሰቡ መሆኑ ያስታውቃል። ረውዳም ያለማመደችውን ልታደርግ ተዘጋጀች። ኋላ እቴቴ ዓይናቸውን አወረዱና አንድ ጊዜ፣ ሳያስቡት፣ አዩዋት። በሳቸው በኩል ያለው መብራት ቦግ ብሎ በራ።

አስቀዳሚዎቹ ከየመስኮታቸው ብቅ አሉ። መብራት ሲበራ ካዩ ዓመት አልፏቸዋል። ደምለው ከቢሮው እየተጣደፈ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም ደምለው፤ የሱ ተራ ቤት መብራት የማይበራበት ተራ ቤት ተብሎ በሌሎች ከተሞች እንዲወራለት የሚፈልግ ሰው ብቻ ነው።

“ሴትዮዋን ታውቂያቸዋለሽ?” አላት።

“አላውቃቸውም።”

“ታዲያ ለምን በራ?”

ረውዳ እቴቴን አየቻቸው። እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው። ያን ሰዓት አውቃቸዋለሁ፣ የጡት እናቴ ናቸው ብትል ተራው እዚያው ይሞታል፤ እሷም ትባረራለች፤ ሙሄ ግን ሐርቡ ሳይደርስ ሊመለስ ይችል ነበር። ይህን ሁሉ አሰበች። ስታስበውም ልቧ በደንብ ይሠራ ነበር፣ እንደ ሰዓት።

“የልብ ሕመምተኛ ናቸው” አለች። “ልባቸው ያለምክንያት ይመታል። ሕመሙ ነው ያበራው፤ ሌላ ነገር አይደለም።”

ደምለው ፊቱ ፈካ። የሚፈልገውን መልስ አገኘ። ወደ አሮጊቷ ዞሮ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ “እናቴ፣ ይህችን ልጅ ያውቋታል?” አላቸው።

ወይዘሮ ጦይባ ረውዳን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። መብራቱ በሳቸው በኩል እንደበራ ነው።

“ኸረ ከየት አውቄያት” አሉ። “ሕመሙ ነው ልጄ። ሰው ባየሁ ቁጥር እንዲህ ያደርገኛል።”

“ትቅደም” አለች ረውዳ።

ደምለው በልብ ሕመም የበራ መብራት ታማሚው ሲድን እንደገና እንደሚመዘን፣ ያን ጊዜ ካልበራ ነገሩ እንደሚዘጋ አስረዳቸው። ኋላ ሴትዮዋ ሲወጡ ወደ ረውዳ ጠጋ ብሎ፣ ያንቺ መብራት እንኳ ጭል አላለም፣ ጎበዝ ነሽ አላት። ረውዳ ይህን ስትሰማ ነው የነቃችው። ያለማመደችውን ነገር ጨርሶ አላደረገችውም ነበር። ከመደንገጧ የተነሣ ማሩንም ቦርከናንም መርሳት ረስታ ነበር። እንዲያም ሆኖ በሷ በኩል ጨለማ ነበር።

ወይዘሮ ጦይባ ታክመው ዳኑ። ረውዳ የሳምንቱ የልብ አልጋ በመጣ ቁጥር የሙሄን ስም ትጠብቃለች። አንድ ሰኞ ማሽኑ ጠራው። ማንም አልተነሣም። ደግሞ ጠራው። የበር ጠባቂው ውጭ ወጥቶ ጮኾ ተመለሰ። ማሽኑ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ። ተጠርቶ ያልመጣ ሰው ወይ ድኗል ወይ ሞቷል፤ እንዲህ ያለ ልብ ደግሞ በራሱ ጊዜ አይድንም። ረውዳ በዚያ ቀን የቀረበላትን ሰው ሁሉ “ይቅደም” አለች። ደምለው መጥቶ ዕረፍት ያስፈልግሽ ይሆን ብሎ ጠየቃት።

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ እቴቴ ለዳግም ሚዛን ተጠሩ። ረውዳ ከቀናት በፊት ጀምሮ እንቅልፍ አልነበራትም። መብራቱ ዛሬ ቢበራ ውሸቷ ይወጣል፤ ሥራዋ ይቀራል፤ ደምለውም ይዋረዳል። እንዳይበራ ዱዓ ስታደርግ ከርማለች። ጠዋት ቤቷን ቆልፋ ስትወጣ ግን ሌላ ዱዓ መጣባት። ይብራ አለች በሆዷ። እኔን ማዋረዱ ባይቀርም፣ አንድ ጊዜ ይብራ።

እቴቴ ቀጥ ብለው እየተራመዱ ገቡ። ሥጋቸው ተመልሷል። ጋቢውን ታጥቦ፣ ታጥፎ በክንዳቸው ይዘውታል። ተቀመጡና ዓይናቸውን ሳይሰብሩ አዩዋት።

“እንደምን ሰነበቱ?” አሏት። በልጅነቷ ጥፋት ስታጠፋ እንኳ ከ“አንቺ” ሌላ ጠርተዋት አያውቁም።

“ደህና ነዎት?” አለች ረውዳ፣ ሥራው እንደሚያዘው።

ደህና ነኝ አሉ። የጋቢውን ባለቤት ፍለጋ ሐርቡ ድረስ ሄደው እንደነበርና የደረሱት ለቅሶው ላይ እንደሆነ ነገሯት። ገብተው ተቀምጠው አለቀሱ። ማን ነሽ ሲሏቸው ተራ ቤት የተዋወቅነው ነኝ አሉ። ሚስቱ ጋቢውን አልቀበልም አለቻቸው፤ ሟች በእጁ የሰጠውን እኛ አንወስድም አለች። እሳቸው ደግሞ ለብሰውት መተኛት አልቻሉም። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም።

“ያን ቀን አይተውት ነበር ወይ?” አሏት።

“አይቼው ነበር” አለች ረውዳ።

እቴቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። “እኔም አይቼው ነበር” አሉ። “ጋቢውን ለብሼ፣ እያየሁት ነው ቃልሽን የጠበቅሁት።”

ቃልሽን ሲሉ “አንቺ” ያሏት ሳያስቡት ነው። ረውዳ ቀና ብላ መብራቱን አየች። ጨለማ ነበር። የታመመው ልብ ያበራውን የዳነው ልብ አላበራም። ደምለው እጁን እያፋተገ መጣ። ይኸው ሕመም ነበር፣ ብዬ ነበር አለ፤ ነገሩ ተዘጋ።

ወይዘሮ ጦይባ ጋቢውን አንሥተው መስኮቱ ላይ አኖሩት። ሰውየው ይህን ወንበር ሲጠብቅ ነው የሞተው፣ እዚህ የሚበርደው አይጠፋምና ይልበሰው አሉ። ደምለው በአክብሮት ወደሳቸው መለሰው። ተራ ቤት ከታከመ ሰው እጅ ምንም አይቀበልም፤ መርፌም ብትሆን እጅ መንሻ ናት ብሎ አስረዳቸው። አሮጊቷ ጋቢውን አዩት፣ ደምለውን አዩት። መልሰው በክንዳቸው አድርገው ተነሡ።

በሩ ጋ ሳይደርሱ ረውዳ ቆመች።

“እቴቴ” አለች።

አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አያት። ወይዘሮ ጦይባ ቆሙ። ጋቢው ከክንዳቸው ሊንሸራተት ሲል አስተካከሉት። ሳይዞሩም ወጡ።

“ያሳደጉኝ እናቴ ናቸው” አለች ረውዳ ለደምለው። “የጡት ልጃቸው ነኝ። ዋሽቼሃለሁ። ሙሄን ያስቀረሁት ለሳቸው ብዬ ነው።”

ደምለው መጀመሪያ ደነገጠ። ከዚያ ሚዛኑን ቀና ብሎ አየ። በዚያ በኩል ጨለማ፣ በዚህ በኩል ጨለማ። ፊቱ ወደ ነበረበት ተመለሰ።

“ረውዳ” አላት፣ እንደ ታማሚ አባብሎ። “ሰው እናቱን ፊት ለፊት አይቶ አንዱ መብራት እንኳ አይበራም? ደክሞሻል። ሰውየው መሞቱ ከብዶሽ ነው። ሚዛኑ ባዳ ናችሁ ካለ እኔ ምን ብዬ ዘመድ ላድርጋችሁ?”

ወደ ቤቷ ሄዳ እንድታርፍ ፈቀደላት። እሷ ግን አልሄደችም፤ የሚሄዱበት ቤት አልታይ አላት። እስከ ማታ ሠራች።

በማግስቱ ጠዋት እንደወትሮው ልቅሶ ተከፈተ። የዚያ ቀኑ ባሏ የሞተባት የገጠር ሴት ልቅሶ ነበር፤ ስሙን እየጠራች፣ ጋቢህን ማን ይልበሰው እያለች ታለቅሳለች። ረውዳ ሻይዋን አልነካችም። ልቧ እስኪነሣ አልጠጣም ብላ ወሰነች። ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ባልደረቦቿ አንድ በአንድ እየተነሡ ጠጡ፤ ቀልድ ጀምረው ፊቷን አይተው ተዉት። ልቅሶው አለቀ። ረውዳ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እንደጠበቀች፣ ከፊቷ ያለው ሻይ እንደቀዘቀዘ፣ በሩ ለሕዝብ ተከፈተ።